ዑዱ ከመጀመሩ በፊት

(ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ጥቂት ቃላት ከማረም በቀር እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ? አሰላሙ ዓለይኩም። ሰላም ለሁላችን ይሁን።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፤ በዚህ ብርድ የሞቀ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ወንበር አለ፤ ወደፊት ኑ። ልጆችም ይምጡ። ዛሬ ልጆች እፊት ነው የሚቀመጡት። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ለማታውቁኝ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። እናቴ የወሎ ሴት ናት። አባቴ የመናዊ ነበር፤ ሱቅ ነበረው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው "አረብ ቤት" የሚለውን ቃል ያውቀዋል። "አረብ ቤት ሂጂና ስኳር ገዝተሽ ነይ" ያልተባለ ማን አለ? ያ አረብ ቤት ለእኔ ቤቴ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ባለችው ጓዳ ውስጥ ነው ያደግኩት።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅኩት ስለ አረብ ሙዚቃና ቅርስ ነው። በተለይ አገሩን ለቆ የሚኖር ሰው እየተሰባሰበ ይህን ቅርስ እንዴት እንደሚያከብረው እንድነግራችሁ ነው። ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ ይህ ሙዚቃ በምን እንደሚኖር። ሁለተኛ፣ ባሕር ተሻግሮ ሲሄድ እንዴት እንደተረፈ። ሦስተኛ፣ እኛ እዚሁ የሠራነውን ስህተትና ከዚያ በኋላ የሆነውን። ከዚያ ዑዱ፣ ያ የአረቦቹ ባለ ክር መሣሪያ፣ ይጀምራል።

አንደኛው። ይህ ሙዚቃ በምን ይኖራል?

አባቴ ከምሳ በኋላ ሱቁን ለረዳቱ ይተውና ወደ ጓዳው ይገባል። ጓደኞቹ ይመጣሉ። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። ፍራሽ ተነጥፏል፣ ትራስ ተደርድሯል። የመኖች ይህን የከሰዓት በኋላ መሰባሰብ መቅየል ይሉታል። ጫት አለ፣ ውሃ አለ፣ ወሬ አለ። መጀመሪያ ወሬው ይደምቃል። ስለ ዋጋ፣ ስለ ዘመድ፣ ስለመጣው ደብዳቤ ያወራሉ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ወሬው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ያን ጊዜ አባቴ ዑዱን ከግድግዳው ያወርዳል።

እኔ ውሃ አቅራቢ ነበርኩ። ሴት ልጅ እዚያ አትቀመጥም። ውሃ የምታቀርብ ልጅ ግን ትገባለች። ስለዚህ ውሃውን ቀስ ብዬ አቀርባለሁ። በጣም ቀስ ብዬ።

አባቴ ቶሎ አይጀምርም። ክሮቹን ይቃኛል። ደግሞ ይቃኛል። ከዚያ ያለ ምት፣ ያለ ግጥም፣ ብቻውን ይጫወታል። ተቅሲም ይባላል። በጨለማ መንገድ እየዳበሰ የሚሄድ ሰው ይመስላል። አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ከጥግ የተቀመጠ ሰው "አላህ!" ይላል። አይጮህም፤ ከአንጀቱ ነው የሚወጣው። አባቴ ቀና ብሎ ያየዋል። ያንኑ ሐረግ ይደግመዋል። ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም፤ ሌላ አቅጣጫ ይሰጠዋል። አሁን "አላህ!" የሚሉት ሁለት ይሆናሉ። ከዚያ ሦስት።

ልጠይቃችሁ። ዘፈኑን የሚመራው ማን ነው? አባቴ ነው? ወይስ ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ?

አረቦች ያን ጊዜ ሰውን ለሚይዘው ስሜት ቃል አላቸው። ጠረብ ይሉታል። ደስታ ብቻ አይደለም፣ ሐዘን ብቻም አይደለም። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ነው። በአማርኛ ጠረበ ስንል እንጨት ጠረበ፣ ድንጋይ ጠረበ ማለታችን ነው። ቃሎቹ አይዛመዱም። እኔ ግን በሁለት ቋንቋ መካከል ያደግኩ ልጅ ነኝና ይምታታብኝ ነበር። ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ሲነቀንቅ ሳይ፣ "ዘፈኑ እየጠረበው ነው" ብዬ አስብ ነበር። ይኸው አድጌም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ሌላም ቃል አለ። አዳማጩን ሰሚዓ ይሉታል። ይህኛው ግን የእውነት ዘመዳችን ነው። ሰማ፣ ሰሚ፣ ሰሚዓ፤ ሥሩ አንድ ነው። ሰሚዓ ዝም ብሎ ጆሮ ያለው ሰው አይደለም። መቃም የሚለይ፣ ዘፋኙ ከአንዱ መቃም ወደ ሌላው ሲሻገር የሚያውቅ፣ መቼ ዝም እንደሚባልና መቼ "አላህ" እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ነው። መቃም የዜማ መንገድ ነው፤ እኛ ቅኝት እንደምንለው። በፒያኖ ላይ በነጩና በጥቁሩ መካከል የሌለ ድምፅ በመቃም ውስጥ አለ። በ1932 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የአረብ ሊቃውንት ከአውሮፓ ሙዚቀኞች ጋር ካይሮ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተቀምጠው በዚህ ጉዳይ ተከራክረዋል። የሃንጋሪው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ ሳይቀር ነበር። ድምፁ በስንት ይከፈል፣ ፒያኖ ይግባ ወይስ አይግባ ሲሉ ነበር። የአባቴ ጓደኞች ይህን ሁሉ አያውቁም ነበር። ጆሯቸው ግን ያውቀው ነበር።

ዘፋኙ ድምፁን ሲያሟሽ "ያ ሌል፣ ያ ዓይን" ይላል። እስቲ ትርጉሙን ልንገራችሁ ወይስ ገባችሁ? ሌሊት ሆይ፣ ዓይን ሆይ። አያችሁ፣ አስተርጓሚ አላስፈለገንም።

አዳማጭ ዘፈኑን ሲሠራ ማየት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ። ከታዳሚው አንዱ "ተቀበል!" ብሎ ግጥም ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ግጥም የሚወረውር ሰው ከሌለ ምሽቱ ይደርቃል። የእናቴ አገር ወሎ ላይ መንዙማ ሲባል እንዲሁ ነው። አውጪው ያወጣል፣ ጀማው ይቀበላል። ተቀባይ የሌለው መንዙማ አለ? የለም። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር የሩቅ አገር ጉድ እንዳይመስላችሁ።

የአባቴ ሰዎች ይህን ነገር በዋዛ አልያዙትም። በሰሜን የመን በኢማሙ ዘመን ሙዚቃ የሚከለከልበት ጊዜ ነበር። የሰንዓ ሰዎች መስኮቱን በትራስ ደፍነው ነበር የሚጫወቱት። ብዙ ዘፋኞች ወደ ዓደን ወረዱ። ሰንዓ ውስጥ ቀንበስ የምትባል ትንሽ ዑድ አለች፤ ከአንድ እንጨት ተጠርባ ቆዳ የሚወጠርባት። ከእሷ ጋር የመዳብ ሰሃን አለ። ተጫዋቹ ሰሃኑን በሁለት አውራ ጣቶቹ ላይ አሳርፎ በቀሩት ጣቶቹ ይመታዋል። ድምፁ ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲጀምር ያለውን ይመስላል። ዩኔስኮ የሰንዓን ዘፈን በ2003 እውቅና ሰጠው፤ በ2008 ደግሞ በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ዝርዝሩ ላይ ዘፈኑ የት እንደሚኖር ተገልጿል። ሰምራ በሚባለው የሰርግ ምሽት ላይና በመቅየል ላይ። ቴአትር ቤት አይልም። ሰው በተሰበሰበበት ክፍል ነው የሚለው።

አሁን ልቤን የሚነካኝን ልንገራችሁ።

ከአብዮቱ በኋላ የአባቴ ጓደኞች አንድ በአንድ ወደ የመን ተመለሱ። ሱቆች ተዘጉ። የመጀመሪያው ሲሄድ ፍራሹ ላይ አንድ ቦታ ባዶ ሆነ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አራት። በመጨረሻ አባቴ ብቻውን ከምሳ በኋላ እዚያ ጓዳ ይቀመጥ ነበር። ዑዱ ግድግዳው ላይ ነው። አንድ ቀን ውሃ አቀረብኩለትና "አባዬ፣ ለምን አትጫወትም?" አልኩት። አየኝ። "ለማን?" አለኝ።

ለማን? ይችን አንድ ቃል አልረሳትም። ጣቶቹ ነበሩ። ዑዱ ነበር። ዘፈኑን በቃሉ ያውቀዋል። የጎደለው ሰሚ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። ይህ ሙዚቃ ባሕር ሲሻገር እንዴት ተረፈ? መልሴ አጭር ነው፤ ሰሚውን ይዞ ስለሄደ ነው። ግን በምሳሌ ላሳያችሁ።

ከቅርባችን ልጀምር። ዛንዚባር። በ1870ዎቹ ሱልጣን በርጋሽ የግብፅ ሙዚቃ በጣም ወደደና አንድ ሰው ካይሮ ድረስ ልኮ ቀኑን የሚባል መሣሪያ እንዲማር አደረገ። በጭን ላይ ተደርጎ የሚመታ ብዙ ክር ያለው መሣሪያ ነው። ሰውዬው ተምሮ ተመለሰ። ከዚያ የመጣው ሙዚቃ ዛሬ ታራብ ይባላል። ስሙን ልብ አላችሁት? ያው ጠረብ ነው። መጀመሪያ በቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። በ1905 ግን የከተማው ሰዎች ኢኽዋኒ ሰፋ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ጓደኛሞች ናቸው፤ ተሰብስበው የሚጫወቱና የሚያዳምጡ። ማኅበሩ ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። ሱልጣኑ የለም፣ ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆኗል። ማኅበሩ ግን ሁሉንም አልፎ መጣ። ቋንቋው ስዋሂሊ ሆነ፣ ምቱም የአፍሪካ ምት ተቀላቀለበት። ተበላሸ የሚል ካለ አልስማማም። ሰሚው ሲቀየር ዘፈኑም ከሰሚው ጋር ይቀየራል።

ራቅ እንበል። ጃቫ። ከሐድረመውት የተነሱ የየመን ነጋዴዎች በመርከብ ኢንዶኔዥያ ደረሱ። እዚያው አገቡ፣ ወለዱ። ዛሬ በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ጋምቡስ የሚባል መሣሪያ አለ። ቀንበስ፣ ጋምቡስ። ሰርግ ላይ ይመታል፤ ወንዶች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ዛፒን የሚባል ጭፈራ ይጨፍሩበታል። የእነዚያ ልጆች ብዙዎቹ አረብኛ አይናገሩም። ሰርጉ ግን አልቀረም። ሰርግ እስካለ ጋምቡስ አለ።

አሁን ወደምንኖርበት አገር ልምጣ። ኒውዮርክ ሄዳችሁ የማንሃተንን የታችኛውን ጫፍ ያያችሁ፣ ዋሽንግተን ጎዳና የሚባል አለ። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ከዛሬዎቹ ሶርያና ሊባኖስ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው። ትንሿ ሶርያ ይባል ነበር። ጋዜጣ ነበራቸው፣ ቡና ቤት ነበራቸው፣ ዑድ ነበራቸው። በ1940ዎቹ ወደ ብሩክሊን የሚሄደው የመኪና ዋሻ ሲሠራ ከሰፈሩ ብዙው ፈረሰ። ሰዎቹ ወደ ብሩክሊን፣ አትላንቲክ አቬኑ አካባቢ ተሻገሩ። ሰፈር ሲፈርስ ምን ይቀራል? እስቲ ገምቱ። ሐፍላ ይቀራል።

ሐፍላ ማለት ድግስ ነው። እራት ይበላል፣ ዘፋኝ ይመጣል፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለማኅበር ገንዘብ ይሰበሰባል። ከፍ ሲል መህረጃን ይሆናል። ይህ ሜዳ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን የሚቆይ ትልቅ በዓል ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ከየከተማው ቤተሰብ ይዘው ይመጡ ነበር። ልጃገረድና ወጣት የሚተያየው እዚያ ነው። ከአያት የተወሰደ ዘፈን የሚሰማው እዚያ ነው። ገንዘቡ አንዳንዴ አገር ቤት ላለ ሆስፒታል ይላካል። የእኛን ሰው አይመስሉም? ድግስ አዘጋጅተን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለትምህርት ቤት የምናዋጣውን?

ዘፈኑ በምን ይደርሳቸው ነበር? በሸክላ ነው። አልበርት ራሺድ የሚባል ሰው በ1934 ዲትሮይት ላይ የግብፅ ፊልምና ሸክላ ማስመጣት ጀመረ። በኋላ ሥራውን ወደ ኒውዮርክ አዛወረ። ለአሥርት ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የአረብኛ ሸክላ የፈለገ ሰው የእሱን ሱቅ ያውቀው ነበር። አንድ ነጋዴ ምን ያህል ነገር እንደሚያቆይ አስቡ። ይህን ስናገር አባቴ ትዝ ይለኛል። ስኳርና ዘይት ነበር የሚሸጠው፤ በጓዳው ያቆየው ግን ሌላ ነገር ነው።

ብሩክሊን ላይ ሳለሁ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ከሶርያዋ ከተማ ከሐለብ የመጡ አይሁድ እዚያ አሉ። ጸሎታቸው በዕብራይስጥ ነው፣ ዜማው ግን በአረብ መቃም ነው። ለየሰንበቱ መቃም ይመደባል። የዚያን ሳምንት የኦሪት ንባብ ስለ ሐዘን ከሆነ ሒጃዝ የሚባለው መቃም ነው። ስለ ግዝረት ከሆነ ሰባ የሚባለው መቃም ነው። ፒዝሞኒም የሚሏቸው መዝሙሮች አሉ፤ ከአረብ ዘፈኖች ዜማ ተወስዶ የዕብራይስጥ ግጥም የገባባቸው። አገራቸውን ትተው ሄደዋል፤ መቃሙን ግን በየሳምንቱ ይሰሙታል። በየሳምንቱ! በዓመት አንዴ አይደለም። ልጅ በስድስት ዓመቱ ያን ዜማ እየሰማ ካደገ ማን ይነጥቀዋል?

ፓሪስም ሌላ ነው። ከአልጄሪያ የሄዱ ሠራተኞች ቀን ፋብሪካ ውለው ማታ ቡና ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ዳህማን ኤል ሐራሺ እዚያ ቡና ቤት ለቡና ቤት ሲጫወት ኖረ። ለሚሰደድ ሰው የዘፈናት "ያ ራዪህ" የምትባል ዘፈን ከእነዚያ ክፍሎች ወጥታ ዓለምን ዞረች። በኅዳር 1967 ደግሞ ኡም ኩልሱም ራሷ ፓሪስ መጣች። ኡም ኩልሱምን ታውቃላችሁ። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ በካይሮ ሬዲዮ ስትዘፍን የአረብ አገር ሁሉ ይቀመጥላት ነበር። አንድ ዘፈኗ ከአንድ ሰዓት ያልፋል። ለምን ያልፋል? ግጥሙ ረጅም ስለሆነ አይደለም። ታዳሚው "ድገሚ" ስለሚላት ነው። በኦሎምፒያ አዳራሽ ሁለት ሌሊት ዘፈነች። አረቦቹ ከእስራኤል ጋር ባደረጉት ጦርነት ከተሸነፉ ገና አምስት ወሩ ነበር። ገቢውን ለአገሯ ሰጠች። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው የፋብሪካ ሠራተኛ በዚያች ሌሊት ምን ተሰምቶት ይሆን? እኔ ደጋግሜ አስበዋለሁ።

እኔ ራሴ ያየሁት ደግሞ ዲርቦርን ነው፣ ሚሺጋን። አብራኝ የምትሠራ የመናዊት የወንድሟ ሰርግ ላይ ጠራችኝ። ዲርቦርን የፎርድ ከተማ ናት። አረቦች በመኪና ፋብሪካው ሥራ ነው የገቡባት። በ2020ው ቆጠራ ከነዋሪዋ ከግማሽ በላይ የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ ዝርያ ያለው ሆኗል። በ2005 የተከፈተ የአረብ አሜሪካውያን ሙዚየም አለ፤ የስደተኛ ሻንጣ በመስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ጥሩ ነው፣ እዩት። እኔን የያዘኝ ግን የሴቶቹ አዳራሽ ነው። ወንዶቹ ለብቻቸው ናቸው። አንዲት ትልቅ ሴት ከበሮ ይዛ ተቀመጠች። አንድ ስንኝ አለች። ክፍሉ ሁሉ ተቀበላት። ከዚያ እልልታው ወጣ። እልልታው የእኛው እልልታ ነው! ዓይኔን ብጨፍን ደሴ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከውሃ ማቅረብ አልፌ እንደዚያ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ተቀመጥኩ።

ሦስተኛው። እኛስ?

ከዲርቦርን ስመለስ እሳት ሆኜ ነው የተመለስኩት። ጥቂት ሰዎች ተሰባሰብን። ከየመን፣ ከሱዳን፣ ከሊባኖስ የመጡ አሉ፤ እንደ እኔ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ የመጣን ቅልቅሎችም አለን። ትልቅ ሐፍላ እናዘጋጅ አልን። ስድስት ወር ገንዘብ አጠራቀምን። ትልቅ አዳራሽ ተከራየን። ስሙ የተነሳ ዘፋኝ በአውሮፕላን አስመጣን። ኪቦርድ መጣ። የሰው ቁመት የሚያክል ስፒከር መጣ። ፖስተር ለጠፍን።

ሰው መጣ፤ አልቀረም። ግን ድምፁ ደረትን ይመታል። አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲያናግራችሁ አይሰማም። ሽማግሌዎቹ ገና እራት ሳይበላ ጆሯቸውን ይዘው ወጡ። ልጆቹ ኮሪደር ላይ ስልካቸውን ይዘው ተደረደሩ። ፊት ያለው ሰው ሁሉ ቪዲዮ ይቀርጻል። እኔም ቀርጫለሁ። አምስት ሰዓት ሲሞላ የአዳራሹ ሰዎች "ውላችሁ አልቋል" ብለው መብራቱን ለቀቁብን፤ ዘፋኙ ዘፈኑን መሐል ላይ አቆመው። ማንም "ድገም" አላለውም። ማንም "አላህ" አላለም። ብንልስ ማን ይሰማናል?

በማግስቱ ያን ቪዲዮ ከፈትኩት። የሚታየው የሌላ ሰው ስልክ ነው። አለቀስኩ። ገንዘቡ አይደለም ያስለቀሰኝ። አባቴ "ለማን?" ያለኝ ትዝ ብሎኝ ነው። አራት መቶ ሰው ሰብስበን አንድ ሰሚ አላገኘንም።

ከዚያ ወራት ዝም አልን። በክረምቱ አንድ ቀን አንዲት እህት "ቤዝመንቴ ባዶ ነው፣ እዚያ እንሞክር" አለች። አንድ የመናዊ ሽማግሌ እናውቃለን። እዚሁ አካባቢ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ናቸው። በወጣትነታቸው ዓደን ዑድ ይጫወቱ ነበር። ሄጄ ለመንኳቸው። "ስንት ሰው ይመጣል?" አሉኝ። "ሠላሳ" አልኳቸው። "ስንቱ ያዳምጣል?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። "እኔ አዳምጣለሁ" ብቻ አልኩ። መጡ።

ማይክ የለም። ስፒከር የለም። ስልክ በር ላይ በቅርጫት ተሰበሰበ። ወንበሩን ክብ አደረግነው፤ ልጆቹን ከፊት መሬት ላይ አስቀመጥናቸው። ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ቃኙ። ልጆቹ ተቁነጠነጡ። ተውናቸው። ከዚያ ተቅሲሙ ተጀመረ። ከኋላዬ አንድ ሰው "አላህ!" አለ። ሽማግሌው ቀና አሉ። ደገሙት፤ እንደ መጀመሪያው አይደለም። የዘጠኝ ዓመት ልጄ ወደ እኔ ዞራ፣ "እማዬ፣ ለምን ደገሙት?" አለችኝ። "ሰውዬው ስለሰማቸው" አልኳት። ዝም ብላ አሰበች። ትንሽ ቆይታ እሷም "አላህ" አለች፤ በትክክለኛው ቦታ ላይ። ማንም አላስተማራትም። ሽማግሌው ዑዱን አቁመው አይዋት። ከዚያ ለእሷ ተጫወቱ።

አሁን በየወሩ እንገናኛለን። ይህን የምነግራችሁ እናንተም እንድትሞክሩት ነው። ጥቂት ነገር ልለምናችሁ።

መጀመሪያ፣ ትንሽ ክፍል ምረጡ። ትልቅ አዳራሽ ለሰርግ ይሁን። ለማዳመጥ ሃያ፣ ሠላሳ ሰው ይበቃል። በየሰፈሩ ሃያ ሃያ ሰው ቢቀመጥ በዓመት አንዴ ከምንጮኸው ይበልጣል።

ደግሞ ሴቶች ይቀመጡ። ይህን ስል ቅር የሚላቸው አባቶች እንዳሉ አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁ። ግን እኔ ውሃ እያቀረብኩ በስርቆት ነው የሰማሁት። ልጄ በስርቆት እንድትሰማ አልፈልግም። ሴቶች ለብቻቸው ይሁን የሚል ካለም ለብቻቸው ይሁን፤ ብቻ ይቀመጡ። ሙዚቃ በሃይማኖት አይፈቀድም የሚሉ ወንድሞችም አሉን። ከእነሱ ጋር አልከራከርም። ለእነሱ ነሺዳውና መንዙማው አለ፤ በዚያ ይሰብሰቡ። እዚያም ቢሆን ተቀባይ ያስፈልጋል።

ሌላው፣ መማር የሚፈልግ ልጅ ካላችሁ ብቻውን በስልክ እንዲማር አትተዉት። ሳይመን ሻሂን የሚባል ከገሊላ የመጣ የዑድና የቫዮሊን ተጫዋች አለ። በ1997 ከአሊ ጂሃድ ራሲ ጋር ሆኖ ማሳቹሴትስ ውስጥ የአንድ ሳምንት የአረብ ሙዚቃ መማሪያ ጀመረ። ሰዎች ከየቦታው መጥተው አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይለማመዳሉ፣ ማታ አንዱ ሲጫወት ሌላው ያዳምጣል። አረብ ያልሆኑም ይመጣሉ። ጣት ማስተማር ይቻላል፤ ጆሮ ግን ከሰው ጋር ተቀምጦ ነው የሚማረው።

ሽማግሌዎችንም ፈልጉ። እባካችሁ። በዚህ ከተማ በየሕንፃው ጥበቃ ላይ፣ በየመኪና ማቆሚያው፣ በየታክሲው ውስጥ ስንት ዑድ የነካ ጣት እንዳለ አታውቁም። ማሲንቆ የነካ፣ ክራር የነካም አለ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። "ስንቱ ያዳምጣል?" ቢሏችሁ መልስ ይኑራችሁ።

የአባቴ ዑድ የት እንደደረሰ አላውቅም። ሱቁ ሲዘጋ ዕቃው ተበታተነ። ዛሬ የምትሰሙት ሌላ ዑድ ነው። የሚጫወቱት ግን እኚያ ቤዝመንት ውስጥ የነገርኳችሁ አባታችን ናቸው። ከመጋረጃው ጀርባ እየቃኙ ነው፤ ትሰሟቸዋላችሁ። ልጄም ዛሬ ሰሃኑን ትመታለች። አውራ ጣቷ አሁንም ያማታል።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ስልኮቹን ወደ ቅርጫቱ፣ እባካችሁ። ልጆች፣ ወደዚህ ቀረብ በሉ፤ ምንጣፉ ላይ። ወንበሮቹን ክብ አድርጓቸው። በዚያ በኩል ያላችሁ፣ አዎ እናንተ፣ ትንሽ ጠጋ በሉ። አባታችን ሲቃኙ ታግሳችሁ ጠብቋቸው፤ ረጅም ጊዜ ይወስዳሉ። ከዚያ የሚነካችሁ ቦታ ሲመጣ አትፈሩ። "አላህ!" በሉ። "እሰይ!" ማለት የሚቀናው "እሰይ!" ይበል፤ ነግሬያቸዋለሁ፣ ይገባቸዋል።

አባታችን፣ ይግቡ። ሰዎቹ ተቀምጠዋል።